ጫማዬን ማን አዞረው?

ሐሙስ

ጉዴ ፈላ። ገና ከመድረሳችን!

አማቴ እማ ከዲጃ መንገዱን ሙሉ ሲያስጠኑኝ ነው የመጡት። ከሾላ ታክሲ ይዘን አስፋልቱ እስካለቀበት፣ ከዚያ በባሕር ዛፉ መሃል ሽቅብ በእግር፣ ቀስ እያልን። ትንፋሽ እያጠራቸውም አያርፉም። ዱዓ የሚደረግበት የሐድራው ግቢ በቀኝ እግር ነው የሚገባው። ቅዱሱ ሰው፣ ወልዩ፣ ከተቀበሩበት ክፍል ሲወጣ የኋሊት ነው፣ ጀርባ አይሰጥም። የቀረበ ምግብ አይመለስም። ሰው ለምን እንደመጣ አይጠየቅም። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ሸሁ ዱዓ አድርገው ሳያሰናብቱ እግር ከግቢው አይወጣም። "ሰምተሻል ፎዚያ?" "ሰምቻለሁ እማ።"

በሩ ላይ አባ ሱሩር የሚባሉ ሽማግሌ ጫማችንን ተቀብለው አፍንጫውን ወደ ግቢው አድርገው ደረደሩት። የእንግዳ ጫማ እንዲያ ነው የሚቀመጠው። ስንብት ሲፈቀድ እሳቸው ራሳቸው ወደ መንገዱ ያዞሩታል፣ ሌላ ሰው አይነካውም። ደስ ሲል፣ ብዬ ነበር።

ከዚያ መቃብሩ ዘንድ ገባን። እማ ከዲጃ በኦሮምኛ ዱዓ ያደርጋሉ፣ በመሃሉ ስሜን ሲጠሩ ይሰማኛል። ስለ ሆዴ ነው። ሁለት ፅንስ ከወረደብኝ በኋላ ይሄኛው እንዲጸናልኝ ተስለው ነበር፤ እዚህ ይዘውኝ መጥተው አብረን እስከ እሁድ ልንቀመጥ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን እያልኩ ነው። ስልኬ ጮኸ። የሠርግ ዘፈን! የጫነልኝ ባሌ ጀማል፣ የደወለውም እሱ፣ "ደረሳችሁ ወይ" ሊል። ብጫነው ብጫነው እምቢ አለኝ። ጭብጨባው ሲጀምር ደንግጬ ዘወር አልኩና ሮጥኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት!

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እማ ከዲጃ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ንፍሮ አቀረቡልኝ። የቀረበ አይመለስምና በላሁ።

ዓርብ

ደም አየሁ።

ትንሽ ናት፣ ጥፍር የምታህል። ግን ያለፉት ሁለቱም እንዲህ ነው የጀመሩት። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ።

ጀርባ ስለሰጠሁ ነው። ሌላ ምን አለ? ትናንት ጀርባ ሰጠሁ፣ ዛሬ ደም። ጀማል ቢሰማኝ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ፤ ሆዱ የእሱ አይደለም።

ሌላም ጣጣ አለ። ደም ያየች ሴት መቃብሩ ክፍል አትገባም። ብገባ በጥፋት ላይ ጥፋት፣ አልገባም ብል "ለምን?" ሊመጣ ነው። ራሴን አሞኛል ብዬ ሴቶቹ ማደሪያ ተኛሁ። ጨርቁን ከጓሮ አጥቤ፣ ነጠላዬን አልብሼ አሰጣሁት። ውሃው አጥንት ይሰብራል።

አጠገቤ የተኛችው ሴት ከትናንት ጀምሮ ታለቅሳለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ሥርዓቱ ነው። ዛሬ ግን አንድ ሰው ሥርዓቱን ጥሶ ምን ሆንሽ ቢለኝ ምናለበት?

እማ ከዲጃ ገንፎ ይዘውልኝ መጡ። ፊቴን አዩኝ፣ አሁንም አዩኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና "ቅቤው በዛ" አልኩ። ወላሂ፣ ያልኩት ይሄን ነው።

ቅዳሜ

ቤቴ ነኝ፣ አልጋዬ ላይ። ከሐድራው ወጥቻለሁ። ሳልሰናበት።

ጠዋት ወገቤን ይዞኝ ተነሳሁ። ደሙ ጨምሯል። መንዙማ ተጀምሮ ድቤው ይመታል፣ እማ ከዲጃም ሌላውም ሰው ውስጥ ነው። ገብቼ እንዳልጠራቸው ደም አለብኝ። ሰው ልኬ ላስጠራቸው ብል፣ ምን ብዬ? "እስከ እሁድ ታገሺ፣ ስለት ነው" ቢሉኝስ? እሺ እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ፣ እሺ ብዬ እተኛለሁ፣ ልጄም ይሄዳል። ተነሳሁና በግድግዳው ጥግ ጥግ ወደ በሩ ሄድኩ።

አባ ሱሩር ቦታቸው ላይ የሉም። ጫማው ሁሉ እንደተደረደረ ነው፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ። የኔ ብቻ ወደ መንገዱ ዞሯል።

ሸሁን አላነጋገርኩ፣ ስንብት አልጠየቅኩ። ታዲያ ማን አዞረው? የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ተባርሬያለሁ። በስልኬ፣ በጀርባዬ፣ በደሜ። ወልዩ ራሳቸው "ሂጂ" ብለውኛል። እያለቀስኩ አጠለቅኩትና ወጣሁ።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደጀመርኩት አላውቅም። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ደረሱብኝ። አንዷ "ምን ሆነሻል እህቴ፣ ገርጥተሻል እኮ" አለችኝ። ጠየቀችኝ! ዘረገፍኩት። ሸክሟን ዛፍ አስደግፋ፣ እኔን ደግፋ፣ እስከ አስፋልቱ አወረደችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ ታክሲ ውስጥ አስገባችኝ።

ክሊኒክ ሐኪሟ ሆዴን ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ ማሽኑን አዞረች፣ አዞረች። ጣሪያውን እያየሁ የማውቀውን ሱራ ሁሉ ቀራሁ። ከዚያ "ይኸው ልቡ፣ ይመታል" አለች። አየሁት፣ ብልጭ ብልጭ ይላል። ተኝተሽ እረፊ፣ ዳገት የሚባል እንዳታስቢ፣ ደሙ ከበዛ ነይ፣ አለችኝ። ይተርፋል አላለችም፣ አይተርፍም አላለችም።

ጀማል ከኮንዶሚኒየም ሳይቱ ሲሚንቶ እንደለበሰ ሮጦ መጣ። አሁን ለእናቱ ሊነግር ወደ ሐድራው ወጥቷል። ምን ይሉት ይሆን? ፈራሁ። ስለ ልጁም ፈራሁ፣ እሳቸውንም ፈራሁ።

እሁድ

ጀማል ትናንት ብቻውን ተመለሰ።

"ተቆጥተዋል?" "እንጃ። 'ከአልጋ እንዳታወርዳት፣ እኔ ገና ነኝ' ብቻ ነው ያለችኝ።"

ገና ነኝ ማለት ምንድን ነው? ፊቴን ላለማየት ነው? ስለ ጫማው ለጀማል አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ ልንገረው፣ ወልይ አባረረኝ ልበለው?

ደሙ ቀንሷል። ወይስ መስሎኝ ነው? ስለቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ልጁ ቢተርፍስ፣ በዚህ ይጠየቅበት ይሆን? ቀኑን ሙሉ ይሄንኑ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። የጀማል ሾርባ ደግሞ ጨው በጨው ነው።

ሰኞ

መጡ። በር ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ሰምቼ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። "ደሙስ?" አሉ።

"ከ... ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። እንዴት አወቁ እማ?"

"ጨርቅ ነጠላ ሥር መደበቅ ባንቺ ተጀመረ እንዴ? ዓርብ ነው ያየሁት።"

ያንኑ ቀን ሸሁ ዘንድ ገብተው ስንብት ጠየቁልኝ። "ስለቱስ?" ሲሏቸው "የእሷንም እኔ እቀመጥላታለሁ" አሉ። ሸሁ ፈቅደው ጫማዬን እንዲያዞሩ አባ ሱሩርን አዘዙ። ቅዳሜ መንዙማው ሲያበቃ ተመርቄ፣ እማ ከዲጃም እስከ ክሊኒክ አድርሰውኝ ሊመለሱ ነበር። እኔ ቀደምኳቸው። አንድ አዳር ጨምረው የቀሩትም ለእኔ ነው።

"ጀርባ መስጠቴስ? ስልኩስ?"

"ሸሁ እኮ ሳቁ። 'ሙሽራ መጣችልን እንዴ' አሉ።"

እፎይ ማለት ሲገባኝ ተናደድኩ። "ታዲያ ዓርብ ለምን አልጠየቁኝም! በፍርሃት ሞቼ ነበር እኮ!" አልኳቸው። በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም።

ጣታቸው ብርድ ልብሱን ይነካካል። "አይጠየቅም ብዬ ለራሴ ነገርኩት" አሉ። "ግን ፈርቼ ነው ልጄ። ብጠይቅሽ አዎ ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ።"

አቅፌያቸው አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ።

ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ጎንበስ አሉ። ጫማዬ አልጋው ሥር ነው፣ አፍንጫው ወደ በሩ። አንስተው ወደ ግድግዳው አዞሩት። "እኔ ሳላዞረው ከዚህ ቤት የሚወጣ እግር የለም፣ ሰምተሻል ፎዚያ?"

"ሰምቻለሁ እማ።"

አሁን ወጥ ቤት ገብተው የጀማልን ሾርባ እየደፉ ነው። ነገ ደሙ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ አላውቅም፣ አሁንም እፈራለሁ። ቅድም አንገቴን አስግጌ አልጋው ሥር አየሁ። ጫማው እንዳዞሩት ነው።