ከመቆሚያው በላይ ያለችው ጣውላ

ለምወድሽ ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ፣ እናትሽም ጭምር፣ ደህና ነን።

የያዝኩት የችሎት አዳራሽ ጥገና አንጀቴን አሳርሮታል። አንደኛ፣ ግድግዳው ሁሉ እብነ በረድ ነው፤ የተናገሩት እየተመለሰ ይደበላለቃል። ሁለተኛ፣ ከተከሳሽ መቆሚያ በላይ ድምፅን ወደ ዳኛው የምትመልስ ጣውላ ልስቀል ብል፣ የፍርድ ቤቱ ኃላፊ "ውበቱን ታበላሻለች" አለኝ። "ዳኛ የሚሰማው በዓይኑ ነው እንዴ?" አልኩት። ሦስተኛ፣ ሰኞ በመጋዘኑ እሳት ጉዳይ ወንድምሽ እዚያው ይቆማል። ድምፁን ታውቂዋለሽ፤ ሲደነግጥ ጉሮሮው ውስጥ ይቀራል።

ዛሬ ሳላስፈቅድ ሰቀልኳት። ዘበኛውን የዳኛው ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እንደ ወንድምሽ ቀስ ብዬ፣ "እሳቱን እኔ አላስነሳሁም" አልኩ።

"ማን አስነሳኸው አለህ፣ ጋሼ?" አለኝ።

ጥርት አድርጎ ሰምቶኛል። አንቺ ለወንድምሽ ደውለሽ ወደ ጣውላዋ ቀና ብሎ እንዲናገር ምከሪው። እኔን እንደሆነ አይሰማኝም።

ደህና ሁኚልኝ፣
አባትሽ