ጽዋው ያለፋቸው ሰው፦ የአቶ የሺጥላ ወልደሩፋኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ የሺጥላ ወልደሩፋኤል ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ በጅግጅጋ ከተማ በገዛ ማኅበራቸው ፊት ተሰደቡ። የሰደቧቸው የጽዋ ማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ሙላቱ የኋላሸት ናቸው። የሚካኤል ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እሳቸው ዘንድ ሲደርስ አቶ ሙላቱ ነጥቀው፣ “የግመል ወተት የጠጣ አፍ ይቺን አይነካትም፤ ሂድና እዚያው ሂቦ ጋ ጠጣ” አሏቸው። በዕድሜ የሚበልጧቸውን ሰው “አንተ” ነበር ያሉት። የሕይወት ታሪክ በልደት እንደሚጀመር ቤተሰቡ አልጠፋውም። ሞታቸው የጀመረው ግን ከዚያ ነውና ከዚያ ተጀመረ።

አቶ የሺጥላ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሩፋኤል ደስታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ተሰማ በ1956 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ሲና አጠገብ ተወለዱ። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው ዘመናዊውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ የሚያስተምራቸው አልተገኘም፤ ለሌላው ልጅ የማይጠፋው ዘመድ ለእሳቸው ሲሆን ጠፋ። በ1984 ዓ.ም. ጅግጅጋ ገብተው ቅመማ ቅመም መነገድ ጀመሩ። አብሽና ጥቁር አዝሙድ ጭነው ደምበልና ጉናጋዶ ድረስ ገበያ ይወጡ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ወ/ሮ ፀጋ መኮንንን በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አግብተው ልጃቸውን ቢታንያን ወለዱ።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከተማው ሲታመስ ሱቃቸው ነደደ። ቤተሰቡን ጎትታ ቤቷ ያስገባችው ጎረቤታቸው፣ የግመል ወተት ሻጯ ሂቦ ናት። “እንግዶቼ ናቸው፤ እኔን ሳትገድሉ አትገቡም” ብላ በሯ ላይ ቆመች። አቶ ሙላቱም እዚያው ጓዳ ተሸሽገው ነበር። በቤቱ ከወተቷ በቀር የሚቀመስ ስላልነበረ መንገዱ እስኪከፈት ሁሉም ያንኑ ጠጡ። ፍልሰታ ሲገባም ሌላ አልተገኘም።

በማግስቱ ዓመት አቶ የሺጥላ የስኳር ሕመም ተገኘባቸውና ኪኒን ታዘዘላቸው። ሂቦ፣ “ጋሽ የሺጥላ፣ ወተቱን ይሞክሩት፤ የእኛ ሽማግሌዎች ስኳር ሲይዛቸው እሱን ነው የሚጠጡት” አለቻቸው። እሳቸው ግን ዘለው አልጠጡም፤ የምትከታተላቸውን ሲስተር ሪሐናን ጠየቁ። እሷም፣ “ውስጡ ስኳር የሚያወርድ ነገር አለ እያሉ ያጠኑታል፤ ይረዳዎት ይሆናል። ግን ጋሼ፣ ምግብ ነው፣ ኪኒኑን አይተካም። አብሹም እንደዚያው” አለቻቸው። የነፍስ አባታቸውም ለሕመም ነው ብለው አልከለከሉም። በፍስክ ወተቱን፣ በጾም የተነከረ አብሽ ከኪኒኑ ጋር እየወሰዱ ስኳራቸው ልኩን ያዘ። ሱቃቸውንም እንደገና ከፍተው ቢታንያን አስመረቁ።

ከስድቡ በኋላ ወተቱን ተዉ። ያኔ አቶ ሙላቱ የላኳቸው ማኅበርተኞች የተወቀጠ የግራዋ ቅጠል ይዘው መጡ። “ይሄ ንጹሕ ነው። ኪኒኑን ግን ተወው፤ ሁለት መድኃኒት አንድ ሆድ ውስጥ ይጣላል። ደህና ስትሆን ወደ ጽዋህ ትመለሳለህ” አሏቸው። መራራ ነገር ስኳርን ይገድላል የሚለውን ቅመም ነጋዴው ራሳቸው ከደንበኛ አፍ ሲሰሙ ኖረዋል። ዕድሜ ልካቸውን የጠጡት ጽዋ ናፍቋቸው ኪኒኑን ጣሉ። ሲስተር ሪሐና ጋ መሄድም አፈሩ።

ቅጠሉ አፋቸውን አመረረው እንጂ ስኳራቸውን አልያዘውም። በ2016 ዓ.ም. የግራ እግራቸው ጣት ቆስሎ አልድን አለ፤ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቀጥሎ ኩላሊታቸው ከዳቸው። ሂቦ ሆስፒታል ስትመላለስ እግሯ ነቃ፤ ከማኅበሩ ግን ብቅ ያለ ሰው አልነበረም። ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ለኅዳር ሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዐረፉ። ጽዋው አልተመለሰላቸውም።

አቶ የሺጥላ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ፀጋን፣ ልጃቸውን ቢታንያን እና ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ሂቦም በቤተሰቡ ፈቃድ ከኀዘንተኛ ትቆጠር። ከማኅበሩ ግን ዛሬ ፊት ወንበር የያዘው ማን እንደሆነ ሕዝቡ ያያል። ሰው የነፈጋቸውን ጽዋ እግዚአብሔር በመንግሥቱ ያጠጣቸው፤ ነፍሳቸውንም ከአብርሃም አጠገብ ያስቀምጥልን።

አቶ የሺጥላ ያን የጥቅምት ሚካኤል ዕለት መልስ አጥተው አልነበረም። በፍልሰታ፣ በሂቦ ጓዳ፣ አቶ ሙላቱ የግመል ወተቱን ጨልጠው “ጨምሪልኝ እስቲ” ሲሉ በዓይናቸው አይተዋል። ማኅበርተኛው አፍ አፋቸውን አየ። አቶ ሙላቱም ጽዋውን እንደያዙ ጠበቁ። አቶ የሺጥላ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ከደጅ ጫማቸውን ፈልገው አጠለቁ፣ ያዩትን ሳያወጡባቸው ሄዱ።