የአጫጆች መስመር

መተማ ዮሐንስ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህና ለምናፍቅህ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ እንዴት ሆነልህ? የሳንጃ ሙቀትስ? ከእኛው አይብስም ይላሉ፤ ለነገሩ ገንዳ ውሃ ተወልዶ ስለ ሙቀት የሚያማርር ሰው አይገባኝም። እኔ ከናፍቆትህ በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። ባለፈው ሄጄ ሳያት ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ ልጄ ሳንጃ ሄዶ ምን አገኘ፣ ሚስት አላመጣ፣ ማር አላመጣ እያለች ስትቦጭቅህ ዋለች።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፈው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ምን ላድርግ ታዲያ? ስልክ ስደውልልህ ስለ ጤና እናወራለን፣ ስለ ዝናብ እናወራለን፤ ኳስ የምትል ቃል ከአፌ ስትወጣ ግን ኔትወርኩ ይቋረጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ቃል ላይ ብቻ የሚቋረጥ ኔትወርክ አይቼ አላውቅም! ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ስለዚህ ጥላ ፈልገህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ምክንያቱም ወንድምዓለም፣ ዋንጫ በልተናል! አጫጆችህ ዋንጫ በልተዋል!

ቆይ፣ አንተም ተረጋጋ፣ እኔም ልረጋጋ። ከሥር ከመሠረቱ ልንገርህ።

ከጋራዣችን አጠገብ ረፊቃ የምትባል የሱዳን፣ የገዳሪፍ ልጅ የስልክ ቻርጀርና ሽፋን ትሸጣለች። እዚያ ማዶ ጦርነቱ ሲነሳ ከእናቷ ጋር በጋላባት ተሻግራ የመጣች ናት። የያዘችው አንድ ሻንጣና የወንድሟን ላፕቶፕ ብቻ ነበር። ሰኔ ላይ ላፕቶፑ እየጋለ ሲያስቸግራት፣ ትራክተር የሚጠግን ይህን አያቅተውም ብላ ይዛልኝ መጣች። አላውቅም ማለት አፈርኩና ፈታሁት። ከውስጡ የወጣው አቧራ ግማሽ ገዳሪፍ ይሆናል! ጠርጌ ገጠምኩት፣ ሠራ። ለሙከራ ስከፍተው ታዲያ የእግር ኳስ አሰልጣኝ የምትሆንበት ጌም ተጭኖበት አላገኝ መሰለህ?

ይህ ልጆች በጣታቸው ኳስ የሚመቱበት ዓይነት አይደለም። አንተ ኳስ አትነካም። ተጫዋች ትመርጣለህ፣ አሰላለፍ ታወጣለህ፣ ማን ይውጣ ማን ይጠብቅ ብለህ ታዝዛለህ፤ ከዚያ ከዳር ቁጭ ብለህ እያየህ ትሰቃያለህ። ልክ እንደ አንተ። ጽሑፉ ሁሉ በአረብኛ ስለሆነ ረፊቃ ታነብልኛለች፣ እኔ እወስናለሁ። ኋላ ኋላ እሷም መወሰን ጀመረች። የሱዳኑ የሒላል ክለብ ደጋፊ ስለሆነች ኳስ የምታውቀው እሷ ብቻ ይመስላታል።

አንድ ቀን የእኛን ቡድን ለምን አልሠራበትም የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደምቢያ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣውን ሁሉ ሰብስበህ፣ ግማሹን በኮንጎ ጫማ አሰልፈህ ለወረዳው ፍጻሜ ያበቃኸውን ቡድን! ጌሙ ስም መቀየር ይፈቅዳል። አንድ የማላውቀውን ትንሽ የእንግሊዝ ክለብ ስም ፍቄ «አጫጆች» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ችሎታውን ከሃያ መስጠት አለብህ። ለበረኛችን ለደሞዝ ዝላዩን አሥራ ስምንት ሰጠሁት፤ የአፍ ነጥብ መስጫ ቢኖረው ደግሞ ሃያ ከሃያ ነበር። ለግራ ተከላካያችን ለአንዱአምላክ ፍጥነቱን አሥራ ስድስት። ለራሴ እርጋታ አሥራ ሰባት ስጽፍ ረፊቃ ሳቀችብኝ። ስጫወት አይታኝ አታውቅም፤ ብሎን ሲጠፋብኝ ግን አይታኛለች። ወደ አሥራ አንድ አወረደችኝ።

መጀመሪያ ላይ ምን ላድርግህ፣ ተጨፈጨፍን። አራት ለዜሮ፣ አምስት ለአንድ፣ ደግሞ አራት ለዜሮ። በልቤ እንግዲህ ፍጻሜውን ያስበላን መምህሩ ነው ብሎ ሰው ያማህ እውነት ነው ማለት ነው ብዬ ነበር። በኋላ ነው ያንተን ደብተር ያስታወስኩት። ሳንጃ ስትሄድ ለእሳት ማቀጣጠያ ይሁንሽ ብለህ ለእማዬ የሰጠሃት ሰማያዊዋን። እኔ ወስጃት ነበር፤ ይቅርታ አድርግልኝ።

ደብተሯን ገልጬ ሳነብ ያ ሜዳ ላይ የጮህክብን ሁሉ ተመለሰልኝ። አራቱ ተከላካዮች አራት አጫጆች ናቸው ትላለህ። ካቦው ሂድ ሲል አራቱም እኩል ይሄዳሉ። የቀደመ ሰሊጡን ይረግጣል፣ የቀረ መስመሩን ይሰብራል። የኦፍሳይድ ወጥመድ ብለህ አስተምረኸን ቢሆን ኖሮ ማንም አይገባውም ነበር። አጨዳ ስትለን ግን እኛ ቀኑን ሙሉ ስንሠራው የዋልነው ነገር ነው! የእኔ ስህተት አሰላለፉን ብቻ ከትዝታዬ መገልበጤ ነበር፤ መስመሩን ረስቼው ኖሯል። ወዲያው ረፊቃን ትእዛዞቹን አንድ በአንድ አስነበብኳትና አራቱም ተከላካዮች ወደ መሐል ሜዳ ተጠግተው እንዲቆሙ፣ ሲወጡም በአንድ ላይ እንዲወጡ አዘዝኩ።

ወንድምዓለም፣ ብታየው! ባላጋራ አጥቂ ኳስ ተቀብሎ ዞር ሲል ባንዲራ ነው። እንደገና ይመጣል፣ ባንዲራ። በአንድ ጨዋታ አሥራ አራት ጊዜ! በየባንዲራው ረፊቃ ተሰሉል! ተሰሉል! እያለች ትጮሃለች፤ በእነሱ ኦፍሳይድ ማለት ነው። የሚቀጥለው ሱቅ ባለቤት እባብ የገባ መስሎት ዱላ ይዞ መጣ። እሱም ቁጭ ብሎ ማየት ጀመረ፤ አሁን ደንበኛ ሲመጣበት ይቆጣል። በዓመቱ መጨረሻ እንደ እኛ ጥቂት ጎል የገባበት ቡድን አልነበረም። ዋንጫውን ሲያነሱ ደሞዝ ከፊት ነው፤ ጌሙ እንኳ ወሬኛነቱን አውቆበታል መሰለኝ።

በዚህ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። ግን አንተ ታውቀኛለህ፣ የተከፈተ ሞተር ሳልጨርስ አልተውም። ሌላ ክለብ ወሰድኩና ያንን የቢሮ ሠራተኞች ቡድን ሠራሁት፣ ያን በፍጻሜው የበላንን። ሳላዳላ ነው የሠራሁት፤ ያ ረጅሙ አጥቂያቸው የሚገባውን አግኝቷል። ከዚያ ፍጻሜውን ሃያ ጊዜ አጫወትኩት። አሥራ ሦስት ጊዜ አሸነፍን፣ አራቴ አቻ ወጣን፣ ሦስቴ ተሸነፍን። ገባህ? መምህሩ የፈረንጅ ኳስ አምጥቶ አስበላን ያሉህ ሁሉ፣ ቡና ቤት ስትገባ ጀርባቸውን ያዞሩብህ ሁሉ፣ አገር ጥለህ እንድትሄድ ያደረጉህ ሁሉ ተሳስተዋል። ታክቲክህ ልክ ነበር!

እኔ ስዘል ረፊቃ ግን አልዘለለችም። የገቡብንን ጎሎች ሁሉ መልሳ አየች፤ ከሁሉ በፊት የተሸነፍንባቸውን ሦስቱን። አንዱ ፍጹም ቅጣት ምት ነው፣ ሁለቱ የማዕዘን ምት። ታዲያ ያ እውነተኛው የፍጻሜ ጎል እንዴት ነው የገባው ብላ ጠየቀችኝ። ወደ መስመሩ ጀርባ በተላከ ኳስ፣ አጥቂው ብቻውን ከበረኛው ጋር ተገናኝቶ አልኳት። እንዲህ ያለ ጎል በሃያ ጨዋታ አንድም የለም፤ ስለዚህ ከአራቱ አንዱ ያላደረገው ነገር አለ፣ አንድ አንዱን እያበላሸን እንሞክር አለች። እኔ ይቅርብን አልኳት። እሷ ቀኝ ተከላካዩን አበላሸችው፣ ጎሉ አልመጣም። ቀጥላ አንዱአምላክን፣ አልመጣም። ከዚያ አምስት ቁጥሩን፣ ሌሎቹ ሲወጡ አንተ ወደ ኋላ ወርደህ ሸፍን ብላ አዘዘችው። በሁለተኛው ጨዋታ ገባ። ያው ኳስ፣ ያው አጥቂ፣ ባንዲራውም ሳይነሳ። አገኘነው ብላ ተነሥታ አጨበጨበች፣ ቀጥሎ ከአምስት ቁጥሩ ሥር ያለውን ስም አነበበች። ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ይህ አንተ አይደለህም እንዴ አለችኝ።

አዎ ወንድምዓለም። እኔ ነኝ።

ሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ዜሮ ለዜሮ ሆነን፣ አንተ ከዳር እጅህን አነሳህ፤ ውጡ ማለትህ ነው። እኔ ወደ ግራ ስመለከት አንዱአምላክ ይንቀጠቀጣል። ወባ ይዞት ነበር፤ ከጠዋቱ ጀምሮ አውቃለሁ፣ ለመምህሩ እንዳትነግር ብሎ ለምኖኛል። የእኛን የአጫጆቹን ልማድ ታውቃለህ። በአጨዳ ላይ አንዱ ሲደክም አጠገቡ ያለው ድምፅ ሳያሰማ ወደ ኋላ ይመለስና ግማሹን ያጭድለታል። ያገዘ አይናገርም፣ የታገዘም አያመሰግንም፤ ካቦው እንኳ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። እግሬ እንደለመደው ወደ ኋላ መለሰኝ፣ ሊሸፍንለት። አንዱአምላክ ግን ጥርሱን ነክሶ ወጣ! ሦስቱም እኩል ወጡ። ከመስመሩ ኋላ የቀረሁት፣ አጥቂውንም ከኦፍሳይድ ያዳንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በዚያ አቧራ ውስጥ ማንም አላየኝም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ኳሱንና የመስመር ዳኛውን ነበር። ከዚያ በአንተ ላይ ጮኹ። እኔን ደግሞ የፍጻሜው ምርጥ ተከላካይ ብለው ታኬታ ሸለሙኝ። አንተ ነበርክ ከሁሉ በላይ ያጨበጨብክልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያገዘ አይናገርም እያልኩ ራሴን ደለልኩ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። አፍሬም ነው።

ለረፊቃ ይህን ሁሉ ስነግራት አልተቆጣችኝም። በላፕቶፑ ውስጥ ወንድሟ ጀምሮ የተወው ጨዋታ አለ፤ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። እሱን እያሳየችኝ፣ የእኔ ወንድም የት እንዳለ አላውቅም፣ የአንተ ግን ሳንጃ ነው አለችኝ።  

እሑድ ዕለት ወደ እርሻው ካምፕ ወረድኩ። ዘንድሮም ብዙዎቹ ተመልሰዋል። ምሳ በልተው ሲያርፉ ታኬታውን መሐላቸው አስቀምጬ መስመሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። የአንዱአምላክን ስም አላነሳሁም። እሱ ግን ከኋላ ተነሥቶ፣ በእኔ ምክንያት ነው፣ ትኩሳቴን ደብቄ ነው የገባሁት አለ። ደሞዝ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን እስኪጨርስ አዳመጠ።  ከዚያ ማጭዱን ጥሎ ተነሣና፣ እንግዲያው መምህሩን ምን አድርገነዋል፣ አንተ ልጅ ሄደህ ወንድምህን አምጣ ብሎ ጮኸብኝ። የዘንድሮው ውድድር ምዝገባ ኅዳር 8 ይዘጋል፤ ያለ አሰልጣኝ ቡድን አይቀበሉም። ሌላ ሰው እንፈልግ ያለ ነበር፤ አልተሰማም። መምህሩ ካልመጣ አንገባም ብለው ጨርሰዋል። እኔም ብትፈልግ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጠኝ፣ ብትፈልግ ውኃ አመላልሳለሁ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ደብተርህን አብሬ ልልክልህ ስጠቀልላት የመጨረሻው ገጽ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ አየሁ። በምላጭ ቀስ ብዬ አላቀቅኩት። የፍጻሜው ማግሥት ቀን ተጽፎበታል። ሰማንያ ሦስተኛውን ደቂቃ በእርሳስ ሥለኸዋል፤ አራት ነጥቦች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ። ከሥሩ «ስህተቱ የአሰልጣኙ ነው» ብለህ ጽፈሃል። አምስት ቁጥር አጠገብ ግን ወረቀቱ በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ ሊበሳ ደርሷል። ወደ ፀሐይ ከፍ ሳደርገው ከመስመሩ ኋላ አንድ ነጥብ አሁንም ይታያል።

እንግዲህ ስልኩን ለምን እንደምትዘጋው አልጠይቅህም። አንተ በዕድሜህ ማጭድ ጨብጠህ አታውቅም፤ ያገዘ አይናገርም የሚለውን ልማድ ግን ከሁላችንም በላይ ጠብቀኸዋል። እኔም እንደ ልማዱ አላመሰግንህም። ና ብቻ።

ፊሽካህ እማዬ ዘንድ በመሶቡ ውስጥ አለች። መንገዱን ሰላም ያድርግልህ፣ ሹፌሩን ዓይነ ንቁ ያድርግልህ፣ ከምትወርድበት ደጅ ደስታ ይጠብቅህ። ረፊቃም ሰላም ብላሃለች፤ ሒላልን የሚያህል ቡድን የሠራውን ሰው ማየት አለብኝ ትላለች፤ ከእሷ አፍ ይህ መውጣቱ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ።

አምስት ቁጥሩ፣
ታናሽ ወንድምህ