ከሲስተር አልማዝ መኝታ ቤት በታች

መስፌ የኔ ዓለም፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። የመጀመሪያውን አላስታውሰውም። ዘንቦ ይሆናል። ይኼኛው ግን ይሰማኛል፤ የጌም ቤታችን ደፍ ላይ ውኃ ይቋጠራል፣ ደንበኞችህ ጫማቸውን ካርቶን ላይ ይጠርጋሉ፣ እኔ ካርቶኑን እቀይራለሁ። ትንሽ ነገር ነው። ግን ካርቶን የሚቀይር ሰው እዚህ አለ ማለት ነው። ለካስ አለሁ።

አንተ ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ልጅህ ነው። ማሂ ደህና ናት። ቁመቷ እኔን አልፏል። ያንተን አረንጓዴ ሹራብ ትለብሳለች፤ እጅጌው ቢረዝማትም አትጠቀልለውም። ቁም ሣጥኑን ወደ መስኮቱ አዙረነዋል። ለምን አትበለኝ፤ አንድ ቀን ተነሥተን አዞርነው። ቀጥለህ የምትጠይቀው ስለ ቤቱ ነው፤ ስለምንተኛበት ሳይሆን ስለዚያኛው። እሱም አለ። ክፍት ነው። የማተሚያ ቤቱን የእርማት ሥራ ወደ ባንኮኒው አምጥቼዋለሁ። የሰው ዓረፍተ ነገር እያረምኩ የሰው ጎል እሰማለሁ።

ግን ሊዘጋብን ነበር። ዛሬ የተቀመጥኩት እሱን ልነግርህ ነው።

ከላያችን ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስ ገብታለች። አንተ አታውቃትም፤ ካንተ በኋላ የመጣች ተከራይ ናት። አዳር ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። ልተኛ ትላለች ብል ይሻላል። እኔ ጥቁር ለብሼ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ደረጃው ላይ ስንገናኝ «እግዜር ያጥናሽ» ብላ ታልፋለች። ሙት ዓመትህ ወጥቶ፣ ከሌን አውልቄ ባንኮኒው ላይ በተቀመጥኩ ሰሞን ወረደች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«እህቴ፣ ሐዘንሽ እስኪወጣ ብዬ ነው የቆየሁት» አለችኝ። «አሁን ግን አልቻልኩም። እኔ እንቅልፍ ካጣሁ የምሳሳተው በሽተኛ ላይ ነው።»

አስበው፣ መስፌ። ልብሴን እያየች ያንን ሁሉ ጊዜ ሳትተኛ ቻለችኝ።

ጩኸቱ መስሎኝ ነበር። ደንበኞችህን ገሠጽኳቸው፤ ሁሉም ሄድፎን እንዲያደርጉ አደረግሁ። ተመልሳ ወረደች። «ጩኸቱስ ይለመዳል። ምቱ ነው። ግድግዳው ውስጥ የሚመታ ነገር አለ» አለች። ግድግዳው ውስጥ። ፊቴ ተለውጦ ነው መሰለኝ ውኃ ጠጪ አለችኝ። ምቱን ወዲያው አውቄው ነበር።

ያንተ ጆይስቲክ ነው። ሰፈሩ በእጅ የሚያዘውንም ጆይስቲክ ይለዋል፤ ያንተን ግን «ትልቁ» ነው የሚሉት። ስትሠራው አጠገብህ ነበርኩ። ዘንጉንና ቁልፎቹን ከመርካቶ፣ ጣውላውን ከፉሪ አናጺ አመጣህ። ጣውላውን ኮምፒውተሮቹ በተደረደሩበት አግዳሚ ላይ፣ አግዳሚውን ደግሞ ግድግዳው ላይ በቡሎን አሰርከው። ሲመቱት ንቅንቅ ማለት የለበትም ትል ነበር፤ ዘንጉ ከተወላወለ ሰውም ይወላወላል። እውነትህን ነው። የድብድብ ጌም የሚወዱት እሱን ብለው ከለቡ ድረስ ይመጡ ነበር። ግን እያንዳንዱ ምት በጣውላው ወደ ግድግዳው፣ በግድግዳው ወደ ሲስተር አልማዝ ትራስ ይወጣ ነበር። አንተ ሳለህ ከላያችን ያለው ቤት ባዶ ነበር። ባዶ ቤት አይማረርም።

የብሎካችን ኮሚቴ ጠራኝ። ስብሰባው እንደ ወትሮው ኮሚናሉ ውስጥ ነው፤ ብሎኩ በሙሉ በግ የሚያርድበት፣ በርበሬ የሚወቅጥበት ያ የጋራ ቤት። ጋሽ ደምሴ አሁንም ሊቀ መንበር ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ልጄ፣ ባለቤትሽን እንወደው ነበር» አሉ። «ግን እኛ በርበሬ እንኳ ወርደን ነው የምንወቅጠው። አንቺ ጋ ሙቀጫው ቀኑን ሙሉ ነው።» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከሚቀጥለው ስብሰባ ምቱ ከጠፋ ይቀጥላል፣ ካልጠፋ ይዘጋል ተባለ።

የፈራሁት ለእንጀራዬ አልነበረም። እርማቱ ያኖረናል። ግን ሌላ ቦታ ሁሉ አንተ «ባለቤቷ» ነህ፣ «የማሂ አባት» ነህ፣ «ሟች» ነህ። በስምህ የሚጠሩህ የጌም ቤቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። «መስፌ ቢኖር ይቺን ኳስ አይስታትም» ይላሉ። እንደ ቀላል ነገር። በየቀኑ። ያ በር ከተዘጋ ይኼን ዓረፍተ ነገር ማን ይለዋል? እኔ ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ?

እና በትልቁ ፈንታ በእጅ የሚያዙ ጆይስቲኮች ልመርጥ ሱቅ ሄድኩ።

ጆይስቲክ መምረጥ ያንተ ነገር ነበር። አውራ ጣትህን ታሳርፍበትና ትለቀዋለህ፤ ወደ መሐሉ ሳያመነታ ካልተመለሰ ትተወዋለህ። ሳይነኩት ወደ ግራ የሚሄድ ጆይስቲክ ሰው ያጣላል ትላለህ። እኔን ያስጀመርከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? የመኪና ጌም። ኩርባው በመጣ ቁጥር በሙሉ ሰውነቴ እጠመዘዝ ነበር፤ አንዴ ከወንበሩ ወድቄያለሁ። አንተ ወለሉ ላይ ተቀምጠህ እንባህ እስኪወርድ ሳቅህ። «ወገብሽ አይነዳም፣ ጣትሽ ነው የሚነዳው!» ከዚያ ወዲህ ብዙ አልነካሁትም። ባልነካውም ግን እጅህን አይ ነበር። ሴት እርማት ላይ ዓይኗን ተክላ የባሏን እጅ ማየት ትችላለች።

ያንተን ፈተና አልዘነጋሁም። ዘንጉን ለቀቅሁ፣ ተመለሰ። ከዚያ ግን የራሴን ጨመርኩ፤ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቁልፎቹን መጫን ጀመርኩ። ነጋዴው ፈዞ አየኝ። «እማ፣ ሬዲዮ አይደለም እኮ!» የጎረቤቱ ባለ ሱቅ አንገቱን አውጥቶ፣ «ተዋት እስቲ፣ የልብ ምት እየመረመረች ነው» አለ። ይሳቁ። አላፈርኩም። አንዳንዱ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እንደ ጥርስ። አንዳንዱ ደግሞ ሊጥ እንደ መጫን ነው፣ ይሰምጣል እንጂ አይናገርም። የማይናገረውን ለየሁ። ለሰፋፊ እጆች ወፈር ያለውን፣ ለማሂና ለእኩዮቿ ቀጠን ያለውን። አንተ ሽቦ አልባ ትመኝ ነበር፤ እኔ ባለ ሽቦውን መረጥኩ። ባትሪ አያልቅበትም፣ መሐል ላይ አይለግምም፣ ኪስም ውስጥ አይጠፋም። በዚህ አልስማማህም። ብትኖርም አልስማማህም ነበር።

አንድ ነገር ግን አታለለኝ። ነጋዴው፣ «ሲመታ እጅሽ ውስጥ ይነዝራል፣ ኦርጅናል ነው!» አለኝ። ንዝረት። ለእጅ ብቻ የሚሰጥ፣ ጆሮ የማያውቀው። ለእኛ የተሠራ መሰለኝ። ከሱቁ የወጣሁት ደረቴን ነፍቼ ነበር።

የሰው ጠባይ ግን ሱቅ ውስጥ አይታይም። የኛ ሰዎች ጎል ሲያገቡ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለህ። ጆይስቲኩን አግዳሚው ላይ ጥለው ይተቃቀፋሉ። እሱ ደግሞ የሚነዝረው በዚያው ሰዓት ነው። አግዳሚው ያው ባንተ ቡሎን ግድግዳው ላይ ታስሯል። በመጀመሪያው ቀን ሲስተር አልማዝ በጋቢ ተጠቅልላ በሩ ላይ ቆመች።

«ወፍጮ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?»

 እኔ መዳፌን አግዳሚው ላይ አሳረፍኩ። እውነትም ወፍጮ። ከክንዴ እስከ ጥርሴ መጣ። ደግሞ፣ ልዋሽህ አልችልም፣ ደስ የሚል ነገር ነበረው። ሞቅ ያለ። በሕይወት ያለ ነገር ላይ እጅ እንደ መጫን። ትንሽ አቆየሁት። ከዚያ አነሣሁ።

ንዝረቱን በየኮምፒውተሩ ገብታ ማሂ አጠፋችው። ወንበሮቹን ከአግዳሚው አራቅሁ፤ ጆይስቲክ ጭን ላይ እንጂ እንጨት ላይ አይቀመጥም አልኩ፤ ሲጥሉትም የሚያርፍበት አሮጌ ፍራሽ ቆርጬ እግራቸው ሥር አነጠፍኩ። የቀረው ትልቁ ነበር።

ፍሬውን አትረሳውም፤ የጀሞው ሚኒባስ ሹፌር፣ ምሳ ሰዓቱን እኛ ጋ የሚጨርሰው። ፒንሳ ይዤ ቡሎኑ ሥር ስንበረከክ አየኝና ተነሣ። «ማዘር፣ ይኼንንማ አትንኪ! ያለ ትልቁ ጌም ቤት አይደለም፣ ቤተ መጻሕፍት ነው። እኛም ወደ ለቡ እንሄዳለን።» አንተ ብትሆን የምትለውን ነው ያለው። እጄ ቆመ። ከዚያ እንዲህ አልኩት፦ «ፍሬው፣ መስፍን ትልቁን የሠራው ለእናንተ እጅ ነው። ከላይ የምትተኛ ሰው ቢኖር ኖሮ ለሷ ጆሮም ያስብ ነበር። አሁን ሰው አለ። እሱ ስለሌለ እኔ አስባለሁ።» አስቤ የተናገርኩት አይደለም። ወጣልኝ። ከወጣ በኋላ ግን እውነት መሆኑን አወቅሁ።

ቡሎኑ ዝጎ እምቢ አለኝ። ፍሬው ጥሎኝ ወጣ። ወደ ለቡ ሄደብኝ ብዬ ነበር። ከሚኒባሱ የቡሎን መፍቻ ይዞ ተመለሰና፣ «ተነሺ፣ እጅሽን ትቆርጪና ደግሞ እኛ እንወቀሳለን» አለኝ። እሱ ፈታው። ግድግዳው ላይ ቀዳዳዎቹ ቀሩ። ፍሬው ወደ ቀዳዳዎቹ አይቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ መልሶ አደረገው። እኔ የቡሎኑን ዝገት ከመዳፌ ስጠርግ ዘግየት አልኩ። ትልቁ አሁን መኝታ ቤት፣ ባንተ በኩል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሳልፍ እግሬን ይመታኛል።

የስብሰባው ቀን ሲደርስ ጋሽ ደምሴ ወሬ አልሰማም አሉ። «ከላይ ሆኜ በጆሮዬ ካልሰማሁ አላምንም።» ስለዚህ ቀትር ላይ ጌም ቤቱ ሰው ሞልቶ እያለ፣ እሳቸው፣ ማሂና እኔ ሲስተር አልማዝ መኝታ ቤት ገባን። እሷ ከአዳር ተመልሳ ሳትተኛ ጠብቃናለች። መጋረጃው ተዘግቷል። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ደምሴ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ምንም። ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ምንም። ቀና ብለው በጥርጣሬ አዩኝ፦ «አስወጥተሻቸው ነው እንዴ?»

ማሂ መስኮቱን ከፍታ ወደ ታች ተጣራች። የፍሬው ድምፅ ከደጁ መለሰ፦ «ቆይ ማሂ፣ ቅጣት ምት ላይ ነን! አትረብሹን!»

ጋሽ ደምሴ እየሳቁ ወደ ሲስተር አልማዝ ዞሩ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ሊሉ። እሷ ከነጋቢዋ ጋደም ብላለች። ተኝታለች። እኛ እዚያው እያለን፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ እንደ ሕፃን። ሽማግሌው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፣ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ፣ በእግር ጣታቸው ወጡ። ሌላ ስብሰባ አላስፈለገም።

እኔ ትንሽ ቆየሁ። የሰው መኝታ ቤት መቆየት ነውር ነው፤ ግን ቆየሁ። ፈርቼ ነበር፣ መስፌ። ያንተን ምት ከግድግዳው ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንተንም አብሬ ያወጣሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ከእግሬ በታች ቤቱ ሰው ሞልቶ እየተጫወተ ነው፣ አንዱ እያገባ፣ አንዱ እየተናደደ፣ ምናልባትም አንዱ አንተን እያነሣ፤ እኔ ጋ ግን አንዲት ነገር አትሰማም። ምንም ስላልሰማሁ ቆሟል አላልኩም። ልወርድና ላረጋግጥም አልቸኮልኩም። መኖሩን አውቃለሁ።

ስለዚህ ከእንግዲህ እንደ አምናው አላለቅስልህ ይሆናል። ስምህን ጠዋት ማታ አላነሣ ይሆናል። እርማቴ ላይ አቀርቅሬ ጸጥ ብዬ ካየኸኝ፣ ረሳችኝ እንዳትል። ከታች ተከፍቷል፣ ሰው አለ፣ አንተም አለህ።

ያንተው፣
ሰብለ