ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስልኬ ስለተቀጠረበት ሥራ

ለተከበሩ የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ባልደረቦችዎ፣ በተለይም ከኮሪደሩ መጨረሻ ባለው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ለሚኖረው ሰርቨርዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። የሰርቨሩን ጤንነት ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከስድስት ወር ወዲህ ከባድ ሥራ እንዳይነካ መደረጉን ስለሰማሁ፣ ሥራ የተወን ደግሞ ምነው ደህና ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ ወግ ስለሆነ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም እንደ አቅሙ ደህና ነው። ስልኬ ግን ትኩሳት አለበት።

ማንነቴን ላስታውስዎ። እርስዎ ወደዚህ ወንበር ከመምጣትዎ በፊት በዚሁ ጽሕፈት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በታይፒስትነት አገልግያለሁ። ሥራዬ ሌሎች በእጃቸው የሞነጫጨሩትን ተቀብሎ የሰነድ መልክ ማስያዝ ነበር፤ ኅዳጉን መለካት፣ ሠንጠረዡን ማስመር፣ ስሙ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ፣ ማኅተሙ የት እንደሚያርፍ መወሰን። በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ ይህንኑ ሥራ ሰርቨር የሚባለው ዋናው ማሽን ተረከበኝ፤ እኔም አበባ ተሰጥቶኝ፣ ተጨብጭቦልኝ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ሰርቨሩ ጎበዝ ነበር። ዜጋው ስሙንና ጉዳዩን ሞልቶ ሲልክ፣ ገጹን አሰማምሮ፣ መስመሩን አስተካክሎ፣ ያለቀለት አድርጎ ይመልስ ነበር፤ የሰውየው ስልክ የሚጠበቅበት የተላከለትን ማሳየት ብቻ ነው።

ከስድስት ወር በፊት ግን በርዎ ላይ «የገጽ ቅንብር ሥራ ከእንግዲህ በአገልጋይ ማሽኑና በተገልጋዩ መሣሪያ መካከል በፍትሐዊነት ይከፋፈላል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። አንብቤ ደስ አለኝ፤ ፍትሕ የሚለውን ቃል በርዎ ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ክፍፍሉ ምን እንደሚመስል የገባኝ ቆይቶ ነው። ለካ ሰርቨሩ ጽሑፉን በአንድ ቋጠሮ፣ የአደራደሩን መመሪያ በሌላ ቋጠሮ አድርጎ ይወረውርና ይተኛል፤ መለካቱን፣ ማስመሩን፣ መደርደሩን የዜጋው ስልክ ይወጣዋል። በሌላ አነጋገር እኔ በጡረታ ከተሰናበትኩ በኋላ ስልኬን በእኔ ቦታ ቀጥረውታል። ቤተሰባችንን ስላልረሱ እግዜር ይስጥልኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለቤቴ አናጢ ነው። ባለፈው ዓመት ጭንቅላቱ ውስጥ ድንገት ደም ፈሶ ቀኝ እጁንና አንደበቱን ወሰደበት። ሐሳቡ ሙሉ ነው፤ ይሰማል፣ ይቆጣል፣ ይቀልዳል፤ ቃል ግን አይወጣውም። አሁን ንግግር መልሰው የሚያስተምሩ ባለሙያዎች ያሉበት ማገገሚያ ውስጥ ቦታ ተገኝቶለታል። ቦታው የሚጠብቀው እስከ ፊታችን ዓርብ ነው፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። እንዲገባ ደግሞ እኔ በእሱ ስም የምፈርምበት የውክልና ሰነድ ያስፈልጋል። እሱ ወካይ፣ እኔ ተወካይ። ሁለት ስም፣ አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ ፊርማ፣ አንድ የጣት አሻራ፣ አንድ ማኅተም። በእኔ ጊዜ ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር፣ ያውም ከጎኔ ካለችው ጋር እያወራሁ።

በዚህች አንዲት ወረቀት ምክንያት የደረሱኝን በረከቶች እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ ስልኬ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጉልበቴ ላይ ሆኖ እየጋለ ካማጠ በኋላ አንድ ገጽ ወለደ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ሳሳትመው የየመስመሩ ጫፍ ከወረቀቱ ውጭ ቀርቶ፣ የባለቤቴ የአባቱ ስም ለሁለት ተቆርጧል። በመስኮት አራት የምትሠራው ልጅ፣ ትሕትናዋ የሚመሰገን ነው፣ ወረቀቴን ከመደርደሪያው መስታወት ሥር ካለው ናሙና ጋር አስተያየችና «እማማ፣ ይሄ እኮ ናሙናውን አይመስልም» ብላ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። ልክ ነበረች።

ሁለተኛ፤ በነጋታው ስልኬ ካለፈው ስሕተቱ ተምሮ ጽሑፉን ሁሉ ወደ ውስጥ ሰብስቦ አመጣው፤ ሲሰበስበው ግን ፊርማው ተገፍቶ ሁለተኛ ገጽ ላይ ብቻውን ቆመ። ልጅቷ አልቀበልም አለች። ብቻውን ገጽ ላይ የቆመ ፊርማ ምንም እንዳልተፈረመ ይቆጠራል የሚለውን ደንብ ለዚህ ጽሕፈት ቤት ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ በገዛ ደንቤ ተባርሬ ወጣሁ።

ሦስተኛ፤ ስልኬን ሰፈርተኛው «ዶክተር» ወደሚለው ስልክ ጠጋኝ ወሰድኩት። ዶክተር እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ ገጹ ሲከፈት ሰርቨርዎ መጀመሪያ መሣሪያውን «ይህን ሥራ ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አልችልም ላለው እንደ ድሮው ያለቀለት ገጽ ይልክለታል፤ እችላለሁ ባለው ላይ ሸክሙን ይጭንበታል። ታዲያ የእኔ ስልክ ባለፈው ዓመት በራሱ በዶክተር እጅ አዲስ ሶፍትዌር ተጭኖበት ስለነበር፣ ውስጡ ያው አሮጌ ሆኖ አነጋገሩ ብቻ የአዲስ ሆኗል። የተጠየቀውን ሁሉ እችላለሁ ይላል። ዶክተር ራሱን እያከከ «እናቴ፣ ስልክዎ ጉረኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም» አለኝ። ክቡርነትዎ፣ ጉረኛን በቃሉ አምኖ ሥራ መስጠት በሌሎች መሥሪያ ቤቶችም የተለመደ ስለሆነ በዚህ አልወቅስዎትም።

አራተኛ፤ በዚህኛው በረከት ልናደድ ወይስ ልሳቅ እስካሁን አልወሰንኩም። በሦስተኛው ሙከራ ስልኬ ለጠባብ ስክሪኑ ሲል ሠንጠረዡን አፍርሶ አንዱን ዓምድ ከአንዱ በላይ ደረበ፤ ሊታተም ሲል ደግሞ መልሶ ጎን ለጎን አቆማቸው። በዚህ መውጣትና መውረድ መካከል ስሞቹ ቦታ ተለዋወጡ። ገጹ ግን ሲያዩት ሸጋ ነበር፤ ኅዳጉ ልክ፣ ፊርማው ቦታው ላይ። በደስታዬ ብዛት ሳላነበው ፈረምኩ፤ ለሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን ሁሉ «አንብበህ ፈርም» ስል የኖርኩት ሴትዮ። ባለቤቴም ቀድሞ በግራ አውራ ጣቱ አትሞበት ነበር። ልጅቷ ናሙናውን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ ማኅተሙን ረገጠችው። እቤት ገብቼ መነጽሬን አድርጌ ሳነበው፣ ለካ አንዲት ቃል የማይወጣው ባለቤቴ በማንኛውም መሥሪያ ቤት ቀርቦ ስለ እኔ እንዲናገር፣ እንዲያስረዳ፣ እንዲከራከርና አስፈላጊ ሲሆን ይግባኝ እንዲል ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶታል። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራችን እኔ ስናገር እሱ ሲሰማ ነው የኖርነው። ወረቀቱን ሳነብለት እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ለዚህች ብቻ ያለ አንዳች ሽሙጥ አመሰግንዎታለሁ።

አምስተኛ፤ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፣ ማኅተሙ ካረፈ በኋላ እርማት እንዲሁ አይገኝም። በደንብዎ መሠረት እርማት የሚጠይቀው ተወካዩ ነው፤ የሚጠይቀውም በአካል ቀርቦ፣ በቃሉ ነው። እኔ አፌን በሕጋዊ መንገድ ለባሌ ስለሰጠሁ በዚህ ጉዳይ የምሰማ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ትናንት ሰኞ ባለቤቴን ደግፌ ሦስት ፎቅ ደረጃ አወጣሁት። ልጅቷ ቆማ ተቀበለችውና «አባባ፣ እርማቱን ይፈልጋሉ? በቃልዎ ይንገሩኝ» አለችው። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ራስ መነቅነቅ በቅጹ ላይ ቦታ ስላልተሰጠው ተመልሰን ሦስቱን ፎቅ ወረድን።

ስድስተኛ፤ ከመውረዳችን በፊት፣ የእናንተ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ቅንብር እንዴት ቻለው ብዬ ልጅቷን በቅንነት ጠየቅኋት። እሷም በቅንነት «ኧረ የእኛማ ሰርቨሩ ነው እንደ ድሮው የሚሠራልን፤ ማሽኖቻችሁ አርጅተዋል ተብሎ ተተወልን» አለችኝ። በዚህ እንዳይቆጧት እለምናለሁ፤ በመሥሪያ ቤትዎ እውነቱን ሳያቀናብር የሚሰጥ እሷ ብቻ ናት።

ክቡር ሆይ፣ ስወቅስ ብቻ እንዳልገኝ ስለ ሥራ ክፍፍል የማውቀውን ጥቂት ልንገርዎ፤ እኛም ቤት ካለፈው ዓመት ወዲህ ሥራ ተከፋፍለናልና። ባለቤቴ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ሸሚዙን ሊለብስ ሲል «ትችላለህ?» እለው ነበር። ራሱን ይነቀንቃል። እችላለሁ ማለቱ ነው። እኔም አምኜው ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ ስመለስ አንዱን ቁልፍ እንደያዘ፣ ላቡ በግንባሩ እንደወረደ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ አገኘዋለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ አሰቃየሁት። ሰው አልችልም ማለት ሞት ነው የሚመስለው፤ ያውም ቤቱን በገዛ እጁ የሠራ ሰው። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ተውኩ። ዝም ብዬ ግራ እጁን አያለሁ። የላይኞቹን ሦስት ቁልፎች እኔ እቆልፍና የታችኞቹን ሁለት ለእሱ እተውለታለሁ፤ እነሱን ግን አልነካበትም። ሸሚዙም ይለበሳል፣ ሰውየውም በክብር ከቤት ይወጣል።

ከሰርቨርዎ የምለምነው ይኸንኑ ነው። ስልኩን በቃሉ አይመነው፤ ሲሠራ ይየው። ገጹ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ካልተዘረጋ «አይዞህ፣ ተወው» ብሎ ያለቀለትን ይላክለት። የስም ቦታ፣ የፊርማ ቦታ፣ የማኅተም ቦታ፣ ማለትም ሰው ከሰው ጋር የሚደባለቅበት ነገር ሁሉ፣ እዚያው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቸንክሮ ይምጣ። ፊደሉን ማተለቅና ማሳነስ፣ መስመሩን በስክሪኑ ስፋት ማጠፍ ለስልኬ ይተውለት፤ የዓይኔን ድካም ከሰርቨርዎ ይልቅ እሱ ያውቀዋልና። እሱም ሠራሁ ይበል፣ ደስ ይበለው። ሥራው ሰርቨርዎን እንደማያቅተው አውቃለሁ፤ ለሠራተኞችዎ እየተሠራ ነውና።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው። ባለቤቴ ስሜን ጠርቶኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ያንን ድምፅ እፈልገዋለሁ። በመካከላችን የቆመው ሁለት ስሞችን ወደየቦታቸው መመለስ ብቻ ነው፤ እስክሪብቶ ካለዎት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ጊዜው ያለው ግን እስከ ዓርብ ነው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በአሮጌው የጽሕፈት መኪናዬ ነው። ስለዚህ የትኛውም መሣሪያ ትችላለህ ወይ ተብሎ ሳይጠየቅ እንደ ወጣ ይነበባል።

ረጅም ዕድሜ፣ ቀዝቃዛ ክፍልና የማይጎርር ስልክ እየተመኘሁልዎ፣ በአክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የቀድሞ ታይፒስትዎ፤ በአሁኑ ጊዜ በባለቤቷ በኩል ካልሆነ በቀር መናገር የማይፈቀድላት

ግልባጭ፦
ለጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ግድግዳ
ለሰርቨሩ (እንዳይነቃ በበሩ ሥር በቀስታ የሚገባ)

ማስታወሻ፦ ትናንት ባለቤቴ በቃሉ እንዲናገር ሲጠየቅ ዝም ብሎ አልቆመም። ግራ እጁን ዘርግቶ የመደርደሪያውን መስታወት ደጋግሞ መታ። ያን መስታወት በወጣትነቱ ቆርጦ የገጠመው እሱ ነው፤ የተዋወቅነውም ያን ቀን ነው። ልጅቷ ቆሽሿል ያላት መስሏት ይቅርታ ጠይቃ በጨርቅ ወለወለችው። እሱ ግን የሚያሳያት ከመስታወቱ ሥር፣ ከናሙናው ግርጌ በስተግራ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፊደላት ነበር። በእኛ ጊዜ ታይፒስት የስሟን መነሻ ፊደላት እዚያ ጋ ታኖር ነበር። ሰርቨርዎ፣ ስልኬና መላው ዜጋ ልንመስለው የምንደክምለትን ያን ገጽ ማን እንዳቀናበረው ማወቅ ከፈለጉ ወደ መስኮት አራት ይውረዱ። አሁን ተወልውሏል፤ ጥርት ብሎ ይነበባል።