የረጋው አሲድ

ረቡዕ

አሲዱ ረግቷል። ጠርሙሱን ብገለብጠው ጠብ አይልም። ባሕር ዳር ሞቃት ናት የሚሉ ሰዎች በታኅሣሥ ጠዋት የኮሌጃችንን ንብረት ክፍል አላዩም። ንጹሕ አሴቲክ አሲድ ብርድ ሲመታው እንደ በረዶ ይጋገራል፤ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ምንም አይሆንም። ይህን ሁሉ ለኃላፊው ለጋሽ ሞላ አስረዳሁ።

«የንብረት ካርዱ ፈሳሽ ነው የሚለው» አሉ። «ይሄ ድንጋይ ነው። ሲፈስ ና።»

«እንዲፈስ እኮ ላቦራቶሪ ልውሰደው፣ ጋሼ።»

«ሳይፈስ አይወጣም።»

ነገ የሽንኩርት ሥር በዚህ አሲድ ካልነከርሁ የዓርቡ የተግባር ትምህርት ወደ እሁድ ይዞራል። እሁድ ደግሞ የቁንዝላ ጀልባ አለ። ባለቤቴ ትዕግስት እዚያ ማስተማር ከጀመረች ሦስተኛ ወሯ ነው። ሁለት ጊዜ እመጣለሁ ብዬ ቀርቻለሁ። «አሁንም ከቀረህ ምክንያቱን አትንገረኝ» ብላኛለች።

ሐሙስ

አሲዱ ካልወጣ ሙቀቱ ይግባ። ሙቅ ውኃ በባልዲ ይዤ ንብረት ክፍል ገባሁ። ጋሽ ሞላ ባልዲ የሚከለክል ደንብ ፈለጉ፤ አጡ። ክዳኑን አላልቼ ጠርሙሱን ነከርሁት። ሁለታችንም እንደ አስታማሚ አጠገቡ ተቀመጥን።

«ባለቤትህ ደኅና ናት?»

«ቁንዝላ ናት» አልሁ። የጠየቁኝ ሌላ ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ቀለጠ። ፈረምሁ። አንድ እጅ አሲድ፣ ሦስት እጅ አልኮል፤ ሥሮቹ እዚያ ውስጥ ያድራሉ።

ጋውኔ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ትዕግስት «ሰላጣ መጣ!» እያለች በር ላይ ታስወልቀኝ ነበር። ዛሬ ለብሼው እራት በላሁ። የተናገረኝ የለም።

ዓርብ

ሥሮቹ ላይ ቀለሙ ያዘ! ክሮሞዞሞቹ ቁልጭ ብለው ታዩ። አንዲት ተማሪ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍታ፣ «ቲቸር፣ ሊለያዩ ሲሉ ነው የደረስንባቸው?» አለች።

«አዎ።»

«ከዚህ በኋላስ?»

«አሲዱ አቁሟቸዋል። ከዚህ በኋላ የለም።» ቀናሁባቸው።

ከሥራ ስወጣ ትዕግስት ደወለች።

«አቼቶ ገዛሁ» አለች።

«ለሰላጣ?»

«እዚህ ሰላጣ የሚበላ ማን አለ! ከፍቼ አሸተትሁት። እንዳትስቅ።»

አልሳቅሁም።

እሁድ

ጀልባው ላይ ነኝ። ጋውኑን ሳላጥብ በፌስታል ይዣለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ብለው ራቅ አሉ። ዓሣ ነጋዴ ናቸው።

ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ። ሁላችንም ወደ ሞተሩ ዞርን። በሦስተኛው ተነሣ።