የዶክተር ዘርዓብሩክ ወልደገብርኤል የሕይወት ታሪክና ስለ እድራችን ድንኳን የሚታረም ቃል

ዶክተር ዘርዓብሩክ ወልደገብርኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደገብርኤል ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ ወርዶፋ በአዲስ አበባ ከተማ በእሪ በከንቱ ሰፈር በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ፒያሳ ሰዓት ጠጋኝ፣ እናታቸው አትክልት ተራ ሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ። ልጅ ሳሉ እናታቸውን ይጠይቁት የነበረውን ጥያቄ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተዉትም፤ ሽንኩርቱ የበቀለው እዚሁ አገር ሆኖ ሳለ፣ መርከብ ሲዘገይ ለምን ይወደዳል?

ፊደል በሰፈራቸው ከነበሩ የኔታ ዘንድ ቆጠሩ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አምስት ኪሎ አካባቢ አጠናቀው በ1965 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ገቡ። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ምክንያት ትምህርታቸው ቢቋረጥም ተመልሰው በ1971 ዓ.ም. በኢኮኖሚክስ ተመረቁ። ውጭ አገር ዶክትሬታቸውን ሠርተው በ1981 ዓ.ም. ሲመለሱ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ እርስዎ ይገባሉ ወይ ብለው የቀለዱባቸው ወዳጆች ነበሩ። በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ አዳነች ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ናዝራዊትንና ሚኪያስን ወለዱ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሩ። የምርምር ሥራቸው፣ በሯን ለውጭ ንግድ የከፈተች ትንሽ አገር ውስጥ ዋጋ ከየት እንደሚነሣ በቀመር ማሳየት ነበር። የባሕር ማዶ ዋጋ፣ የዶላር ምንዛሪ፣ የሚታተም ብር፣ ዝናብ፤ ከእነዚህ የትኛው በስንት ወሩ ድስታችን ውስጥ እንደሚገባ ያሰሉ ነበር። ተማሪዎቻቸው፣ እሳቸው “ቀመር ከመጻፋችሁ በፊት ሱቅ ግቡ” እያሉ ሲያስቸግሯቸው ያስታውሳሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ጥናቱን አላቆሙም፤ በ2013 ዓ.ም. ልጃቸው ናዝራዊት ረዳታቸው ሆነች።

ናዝራዊት የተባለችው፣ ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን እንደ ሌላ ሰው ሆኜ ማንበብ አልቻልኩም።

አባዬ የፒያሳን ነጋዴዎች እንድጠይቅ ላኩኝ። የእድራችን አባልና የቤት ዕቃ ነጋዴው አቶ ኑሪ፣ “የኔ ልጅ፣ እኔ የምሸጠው በገዛሁበት አይደለም፤ መልሼ በምገዛበት ነው። መልሼ የምገዛው ደግሞ በባንክ ዶላር እንዳይመስልሽ” አሉኝ። እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው የነገሩኝን የጥቁር ገበያ ምንዛሪ ስድስት ወር ሙሉ በሰማያዊ ደብተር ጻፍኩ፤ በየወሩ ይጨምር ነበር። ቀመሩ ውስጥ ግን አላስገባሁትም። ማኅተም የሌለው ቁጥር ይዤ ምሁራን ፊት መቆም አፈርኩ። ለአባቴ፣ ነጋዴዎቹ ሊነግሩኝ አልፈለጉም አልኳቸው። ዋሸሁ። ቀመሩም የባንኩን ምንዛሪ ብቻ ይዞ፣ ዋጋ በዓመት ውስጥ ይረጋጋል አለ።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. እድራችን አዲስ ድንኳንና ሁለት መቶ ወንበር ሊገዛ ሲነሣ፣ አባዬ አንድ ዓመት ታገሡ አሉ። ሰው አመናቸው። በዓመቱ ያ ሁሉ ብር ወንበሮቹን ብቻ ገዛ። ድንኳኑ ይኸው፣ ያው የድሮው ነው። ቃለ ጉባኤው ላይም “በዶክተሩ የተሳሳተ ምክር” ተብሎ ተጻፈ። የአራዳ ሰው ቀልድ አያልቅበትምና፣ ባዶ ተስፋ የሚሰጥ ሁሉ “የዶክተሩ ገበያ” መባል ጀመረ። አባዬም አብረው ይስቁ ነበር፤ ቤት ሲገቡ ግን ራት አይበሉም። ሰፈሩ ፈርሶ ጎረቤት ከተማው ዳር ድረስ ሲበተን እንኳ ድንኳን ለመትከል ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ። የሚቀመጡትም ሸራው ከሚያፈስበት ሥር ነበር። አቶ ኑሪ አንድ ቀን “ዶክተር፣ ይህችን ቦታ ካርታ አወጡባት እንዴ?” ቢሏቸው ሳቁ፤ ከዚያ ግን አልተነሡም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ስምንት ወር ሲታከሙ ቆዩ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል እጄን ያዙና፣ “ናዚ፣ የቱ ጋ ነው የሳትነው?” አሉኝ። የሳትሽው አላሉም፤ የሳትነው አሉ። ደብተሩ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነበር። “እንጃ፣ አባዬ” አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ገበያ አላነሡብኝም። ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ አዳነችን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የሚኪያስን ልጅ ኤደንን ትተውልን ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችሁን፣ ዛሬም ከየዳርቻው በዝናብ መጥታችሁ ድንኳን ለተከላችሁልን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን ሲያድር ሲያድር አባቴ አለፉ። የእድራችን ጸሐፊ አቶ ገብረትንሣኤ፣ ደብተሩ ይኸው፤ ይዤው መጥቻለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ የአባቴ ስም ይሰረዝና የእኔ ይጻፍልኝ። ይቅር የምትሉኝም ከሆነ ከተጻፈ በኋላ ይሁን።

እግዚአብሔር የዶክተር ዘርዓብሩክን ነፍስ ዝናብ በማይደርስበት ማደሪያው ያሳርፍልን። ከቀብር ስንመለስ ሸራው የሚያፈስበት ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥ እለምናችኋለሁ። እኔ እቀመጥበታለሁ።